አርባ አራት ዓመት በአንድ ወንበር

ዝምታዬን እንድሰብር ያደረገኝ ትልቅ አገራዊ ጉዳይ አይደለም። ባለፈው ሳምንት ሁለት የሥራ ባልደረቦቼ ቢሮዬ ድረስ መጥተው፣ በሩን ከኋላቸው ዘግተው፣ ለአራተኛ ጊዜ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ሆኜ እንድወዳደር ጠየቁኝ። የአንድ ኃላፊ ዘመን ሁለት ዓመት ነው፤ እኔ ሦስት ጊዜ ተመርጬ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። ከዚህ በኋላ ወደ ምርምሬ እመለሳለሁ ስል ነበር። «ከአንተ በቀር ማን አለን?» አሉኝ።

ይህን ስሰማ ደስ አለኝ። ደስ ማለቴን ሳስተውል ደግሞ ደነገጥሁ። ይህችኑ ቃል ከዓመታት በፊት እኔው ራሴ በሌላ አገር፣ ስለ ሌላ ሰው፣ ከታላቅ እኅቴ ጋር ስከራከር ተናግሬአት ነበርና። ክርክሩን የተረታሁትም እኔ ነኝ። ዛሬ ላጫውታችሁ የምፈልገው ስለዚያ ክርክርና ክርክሩን ስላስነሡት ሴት ነው።

ነገሩ የሆነው በአሜሪካ፣ በሚኒሶታ ስቴት፣ በሚኒያፖሊስ ከተማ ነው። (የዚያን አገር ቀኖች በአውሮፓውያን አቈጣጠር እጽፋለሁ፤ ወደ አገራችን ስመለስ ዓ.ም. እላለሁ።) ለሦስተኛ ዲግሪ ትምህርቴ በቈየሁባቸው ዓመታት የኖርሁት ሲዳር ሪቨርሳይድ በሚባለው ሰፈር፣ በእኅቴ ቤት ነበር። ሰፈሩ ከሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ የምዕራብ ግቢ ጋር የተጎራበተ ሲሆን ከሚሲሲፒ ወንዝ ብዙም አይርቅም። ከሩቅ የሚለየው በቀይ፣ በቢጫና በሰማያዊ ሰሌዳዎች ባጌጡት ረጃጅም የሲሚንቶ ሕንፃዎቹ ነው። ራልፍ ራፕሰን የተባሉ የሥነ ሕንፃ ባለሙያ የነደፏቸው እነዚህ ሕንፃዎች ለነዋሪ የተከፈቱት በ1973 ሲሆን፣ ከ1,300 የማያንሱ መኖሪያዎችን ይይዛሉ፤ ረጅሙ 39 ፎቅ አለው። ሰፈሩ ቀድሞ የስካንዲኔቪያ ስደተኞች መናኸሪያ ነበር፤ በኋላ የተማሪዎችና የሂፒዎች፣ ከዚያም የቬትናም ስደተኞች፣ ከ1990ዎቹ ወዲህ ደግሞ ከአፍሪካ ቀንድ የተሰደድን ሰዎች ማረፊያ ሆኗል። አንድ ሊፍት ውስጥ ገብታችሁ ሃያኛ ፎቅ እስክትደርሱ ድረስ ሶማልኛ፣ ኦሮምኛና አማርኛ ትሰማላችሁ፤ የቡናውና የበርበሬው ሽታ ደግሞ የየፎቁን ነዋሪ ሳትጠይቁ ይነግራችኋል።

ይህን ሰፈርና አጠገቡ ያለውን የዩኒቨርሲቲ አካባቢ በስቴቱ የተወካዮች ምክር ቤት የሚወክሉት ዶክተር ፊሊስ ካን ነበሩ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ላብራራ፤ ስለ አሜሪካ ፖለቲካ ስናወራ ዓይናችን ከዋሽንግተን አይነቀልም። ነገር ግን እያንዳንዱ ስቴት የራሱ ሕግ አውጪ አለው። ሚኒሶታ በሴንት ፖል ከተማ 134 መቀመጫ ያለው የተወካዮች ምክር ቤትና 67 መቀመጫ ያለው ሴኔት አሏት። የትምህርት ቤት በጀት፣ የመንገድ፣ የዩኒቨርሲቲ ድጎማ፣ የመጠጥ ቤት ፈቃድ፣ የምርጫ ሥርዓት፣ በጠቅላላው ተራው ሰው በየዕለቱ የሚነካው ጉዳይ የሚወሰነው በአመዛኙ እዚያ ነው። የተወካዮቹ ዘመን ሁለት ዓመት ብቻ ነው። ደመወዛቸው ከ1999 ጀምሮ ለዐሥራ ስምንት ዓመታት ሳይጨመርበት በዓመት 31,140 ዶላር ላይ ቆሞ ነበር። ይህን ቁጥር ለእኅቴ ስነግራት «ከእኔ ያን ያህል አይበልጡም ማለት ነው» ብላ ሣቀች፤ እሷ በአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ በረዳትነት የምትሠራ ናት።

ዶክተር ካን የተወለዱት በ1937 በብሩክሊን፣ ኒው ዮርክ ነው። በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ ተምረው በ1962 ከዬል ዩኒቨርሲቲ በባዮፊዚክስ የዶክትሬት ዲግሪ ተቀበሉ። ወደ ሚኒሶታ መጥተው በዩኒቨርሲቲው በተመራማሪነት ሲሠሩ ቈዩና፣ በኅዳር 1972፣ በሠላሳ አምስት ዓመታቸው፣ ለስቴቱ ምክር ቤት ተመረጡ። በዚያ ዓመት ከተመረጡት 134 ሰዎች ውስጥ ሴቶቹ ስድስት ብቻ ነበሩ። የተወዳደሩበት ፓርቲ ሙሉ ስሙ የዴሞክራቲክ፣ የገበሬና የሠራተኛ ፓርቲ ይባላል፤ የኢሠፓን ዘመን የሚያስታውስ አንባቢ ስሙን ሲሰማ ቢደነግጥ አልፈርድበትም። ነገር ግን በ1944 የሁለት ፓርቲዎች ውሕደት የወለደው የሚኒሶታ ዴሞክራቶች ድርጅት እንጂ ሌላ ምሥጢር የለውም።

በምክር ቤቱ ሦስት ዓመት ሳይሞላቸው ስማቸውን ያስጠራ ሕግ አስወጡ። በ1975 የጸደቀው የቤት ውስጥ ንጹሕ አየር ሕግ፣ በምግብ ቤቶችና በሌሎች የሕዝብ መገልገያዎች ውስጥ ሲጋራ የሚጨስበት ቦታ ከማይጨስበት እንዲለይ በስቴት ደረጃ በማስገደድ በአሜሪካ የመጀመሪያው ነበር። ሲጋራ በሐኪም ቤት፣ በአውሮፕላንና በመማሪያ ክፍል ውስጥ ሳይቀር እንደ ልብ በሚጨስበት ዘመን ይህን ማሰብ ቀላል አልነበረም። ሚኒሶታ በምግብ ቤትና በመጠጥ ቤት ውስጥ ማጨስን ጨርሳ የከለከለችው በ2007 ነው፤ ሠላሳ ሁለት ዓመት ፈጅቶባታል ማለት ነው። እኛም በ2011 ዓ.ም. በወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 በተዘጉ የሕዝብ መገልገያ ቦታዎች ማጨስን ከልክለናል። በአዲስ አበባ አንድ ካፌ ተቀምጬ ሲጋራ የሚለኩስ ሰው በአስተናጋጅ ሲገሠጽ ባየሁ ቊጥር እኒያ ሴት ትዝ ይሉኛል።

ያቀረቧቸው ሐሳቦች ሁሉ የሚጸድቁ አልነበሩም። በ1989 የመምረጫ ዕድሜ ወደ ዐሥራ ሁለት ዓመት ዝቅ እንዲል የሕግ ረቂቅ አቅርበው አገር ሥቆባቸዋል። የከተማይቱ የቤዝቦል ቡድን በባለሀብት ሳይሆን በደጋፊዎቹ እንዲያዝ ለዓመታት ሲከራከሩም ኖረዋል። እኔ እንኳ የመጀመሪያውን ሳነብ ከሥቄ በኋላ ቆም ብዬ አስቤበታለሁ፤ በትምህርት ቤት በጀት የሚወሰነው ማን ላይ ነው? ለማንኛውም፣ ሰዎች የሚሥቁበትን ሐሳብ ይዞ በሚቀጥለው ምርጫ ፊታቸው መቅረብ ድፍረት ይጠይቃል፤ እሳቸውም ቀርበው ተመርጠዋል።

እንዲህ እየሆነ ሃያ ሁለት ጊዜ ተመረጡ። ሃያ ሁለት ጊዜ በየሁለት ዓመቱ፣ አርባ አራት ዓመት።

ይህን ቁጥር መጀመሪያ ስሰማ የተሰማኝ አድናቆት ሳይሆን ጥርጣሬ ነበር። ከእኛ አገር የመጣ ሰው ለአርባ አራት ዓመት ከሥልጣን ያልወረደ ሰው አለ ሲባል የሚታየው ሌላ ነገር ነው። ከዚያ አንድ ቀን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ተቀምጬ እሳቸው በዚያ ምክር ቤት የቈዩበትን ዘመን ከእኛ ታሪክ ጎን ለጎን ጻፍሁት። እሳቸው በጥር 1973 ወንበራቸውን ሲይዙ በአዲስ አበባ የንጉሠ ነገሥቱ ፓርላማ ሥራ ላይ ነበር። ሕዝቡ በቀጥታ የመረጣቸው እንደራሴዎች ለመጀመሪያ ጊዜ ከገቡበት ከ1949ኙ ምርጫ ወዲህ ያለው ፓርላማ ማለቴ ነው። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ በትነው አለ፤ ተበተነ። ከዚያ ወዲያ ዐሥራ ሁለት ዓመት ያህል ምንም ምክር ቤት አልነበረንም። በ1979 ዓ.ም. ለብሔራዊ ሸንጎ ምርጫ ተደረገ፤ ሸንጎውም በ1983 ከነመንግሥቱ ፈረሰ። የሽግግሩ ዘመን የተወካዮች ምክር ቤት ተተካ፤ በ1987 ደግሞ ዛሬ ያለው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሥራ ጀመረ። አንዲት ሴት በአንድ ምክር ቤት ሲቀመጡ እኛ አራት ምክር ቤቶች ለዋውጠናል። በመካከሉም ያለ ምክር ቤት የኖርንበት ዘመን አለ።

እዚያ ወረቀት ላይ ለረጅም ጊዜ አፍጥጬ ነበር። እኛ ሰውን ከወንበር በድምፅ አስነሥተን አናውቅም፤ ወንበሩን ነው የምንሰብረው። አንድ የምክር ቤት አባል ሥራውን እስኪለምድ፣ የበጀት ሰነድ ማንበብ እስኪችል፣ የትኛው መሥሪያ ቤት የቱን ገንዘብ እንደሚደብቅ እስኪያውቅ ዓመታት ይፈጃል። እኛ ያን የተማረ ሰው ከነቤቱ እናፈርሰውና ከሀ እንጀምራለን። ዶክተር ካን በ2013 የቅርስ ገንዘብ የሚባለውን የሚያከፋፍለውን ኮሚቴ ሲመሩ ምክር ቤቱን አርባ ዓመት ያውቁት ነበር። ገንዘቡ የሚኒሶታ ሕዝብ በ2008 በሕዝበ ውሳኔ ለውኃ፣ ለተፈጥሮ ጥበቃና ለኪነ ጥበብ ሲል በራሱ ላይ ከጨመረው የሽያጭ ግብር የሚመጣ ነው። ለቦታው የሚበልጥ ሰው ከየት ይመጣል?

ስለዚህ ጥርጣሬዬ ወደ አድናቆት ተለወጠ። አድናቆቱ ግን ሙሉውን እውነት አላሳየኝም ነበር፤ ይህን የተረዳሁት ዘግይቼ ነው። አንድ ሰው ሃያ ሁለት ጊዜ የሚመረጠው በችሎታው ብቻ አይደለም። ያ የምርጫ ክልል ዴሞክራቶች ሁልጊዜ የሚያሸንፉበት ነው፤ በኅዳር የሚደረገው ጠቅላላ ምርጫ ለወጉ ያህል ነው ማለት ይቻላል። እውነተኛው ውድድር በነሐሴ፣ በፓርቲው ውስጥ የሚደረገው የማጣሪያ ምርጫ ነው፤ ወደዚያ የሚወጣው ሰው ደግሞ ጥቂት ነው። በዚያ ላይ ከነዋሪው ብዙው ተማሪ ነው፤ አራት ዓመት ኖሮ ይሄዳል። መራጩ በየጊዜው ይለወጣል፣ ተመራጭዋ ግን እዚያው ናቸው። ስማቸውን ከምርጫ ወረቀት ላይ የሚያውቅ ሰው ሌላውን ስም ስለማያውቅ የሚያውቀውን ይመርጣል። ማንም አልከለከለ፣ ማንም አላጭበረበረ፤ በሩ ሳይቈለፍ ከርሞ ማንም የሚገፋው ስለጠፋ ብቻ የተዘጋ ይመስል ነበር።

በሩን መግፋት የጀመሩት የእኛዎቹ ሕንፃዎች ነዋሪዎች ናቸው። በሚኒሶታ በምርጫው ዕለት እዚያው ጣቢያ ተመዝግቦ መምረጥ ከ1974 ጀምሮ ይፈቀዳል፤ ዜግነት ያገኘ ሰው ረጅም ሰልፍ እንጂ ረጅም ቢሮክራሲ አይጠብቀውም። በ2013 አብዲ ዋርሳሜ ለከተማው ምክር ቤት በመመረጥ በዚያ ቤት የመጀመሪያው ሶማሌ ሆነ። በቀጣዩ ዓመት መሐሙድ ኑር ዶክተር ካንን ሊፎካከር ተነሣ። በየካቲት 2014 በሰፈራችን የማኅበረሰብ ማዕከል በተጠራው የፓርቲው ጉባኤ ላይ ጠብ ተነሥቶ ሰው ተጎዳ፤ ጉባኤውም ሳያልቅ ተበተነ። በማግሥቱ ወሬው በሊፍቱ ውስጥ በሦስት ቋንቋ ይወርድና ይወጣ ነበር። እንደ ዕድር ስብሰባ ነው ብለው የቀለዱ አልጠፉም፤ እኔ ግን ሰዎች ለዚያች ትንሽ ወንበር ይህን ያህል መሞቃቸው ገርሞኝ ነበር። በነሐሴ በተደረገው ማጣሪያ ዶክተር ካን አሸነፉ። እኅቴም የመረጠችው እሳቸውን ነው።

ከሁለት ዓመት በኋላ ሦስት ሰው ቀረበ፤ ዶክተር ካን፣ መሐሙድ ኑርና የሠላሳ ሦስት ዓመቷ ኢልሃን ዑመር። ኢልሃን ከሶማሊያ በጦርነት ተሰዳ በኬንያ የስደተኞች መጠለያ ያደገች ናት። እኔ የውጭ ተማሪ እንደ መሆኔ ድምፅ አልነበረኝም፤ ድምፅ የሌለው ሰው ግን እንደምታውቁት ከሁሉ በላይ ይከራከራል። ከምርጫው በፊት በነበረው እሑድ እኅቴ ቡና አፍልታ ተቀምጠን ነበር። ጠረጴዛው ላይ የሦስቱም ተወዳዳሪዎች የምረጡኝ ወረቀት ነበር።

«እትዬ፣ ዘንድሮስ?» አልኋት።

«ዘንድሮ ለልጅቷ ነው።»

«ለምን? ዶክተር ካን ምን አጠፉ?»

«ምንም አላጠፉም።»

«ታዲያ?»

«አጥፍተው ቢሆንማ ይቀል ነበር።»

እኔም የተማርሁትን ሁሉ አወጣሁ። የኮሚቴ ልምድ፣ የበጀት ዕውቀት፣ በምክር ቤት ውስጥ አንጋፋነት የሚሰጠውን ጉልበት፣ የ1975ቱን ሕግ፣ ሁሉንም ደረደርሁላት። ከዚያ ያችን ቃል ተናገርሁ። «በዚያ ቦታ ላይ ከእሳቸው በቀር ማን አለ?»

እኅቴ ሁለተኛውን እየቀዳች «አንተ ልጅ፣» አለችኝ፣ «እኔ እዚህ ቤት ሃያ ዓመት ኖሬአለሁ። እሳቸው ስለ እኛ ጥሩ ሲናገሩ ነው የኖሩት፤ እግዜር ይስጥልን። አሁን ደግሞ እኛ እንናገር። ማን አለ የምትለው እኮ ማንም ስላልተሞከረ ነው።»

እዚህ ላይ ማቆም ነበረብኝ። አላቆምሁም። ዛሬም ሳስበው የሚያሳፍረኝን ነገር ጨመርሁ። «እኛ ትያለሽ፣ ልጅቷ እኮ ሶማሌ ናት» አልኋት።

ስኒዋን አስቀምጣ ትክ ብላ አየችኝ። «በዚህ ብርድ ሊፍቱ ተበላሽቶ ዕቃዬን ዐሥራ አራት ፎቅ ድረስ የተሸከመልኝ ማን ይመስልሃል? በስደት አገር አንድ ሊፍት የሚሳፈር ሰው የአገር ሰው ነው። አንተ ትምህርትህን ጨርሰህ ትሄዳለህ።»

ነሐሴ 9 ቀን 2016 ማታ ውጤቱ ሲነገር ኢልሃን ዑመር 41 በመቶ ያህል ድምፅ አግኝታ አሸነፈች። የተቀረውን ሁለቱ እኩል ለመሆን ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ተካፈሉት፤ ዶክተር ካን ሦስተኛ ወጡ። ሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ነበር። በጠቅላላው ድምፅ የሰጠው ሰው ስድስት ሺሕ ያህል ነው፤ የአርባ አራት ዓመት የሕዝብ አገልግሎት በአንድ መለስተኛ የገበያ ቀን ሕዝብ ተዘጋ። ሕንፃዎቹ ሥር ወጣቶች እየጨፈሩ ነበር። እኅቴ የሌሊት ተረኛ ስለ ነበረች ውጤቱን በስልክ የነገርኋት እኔ ነኝ። «አሸነፍን» ብላ እንድትጮኽ ጠብቄ ነበር፤ ጥቂት ዝም አለችና «አይ እኒያ ሴትዮ፣ ዛሬ ማታ እንዴት ይተኙ ይሆን?» አለች። እሷ ከየዕለቱ የምታነሣቸውና የምታስተኛቸው አረጋውያን የእሳቸው እኩዮች ናቸው።

በማግሥቱ ጠዋት ወደ ግቢ ስሄድ ሰፈሩ እንደ ወትሮው ነበር። ሬዲዮው የማርሽ ሙዚቃ አላሰማም፤ ባቡሩ በሰዓቱ መጣ። የተሸነፉትም ሴት እስከ ጥር 2017 ድረስ በወንበራቸው ተቀምጠው ዘመናቸውን ጨረሱ። ኢልሃን ዑመር በኅዳር ምርጫ በአሜሪካ የስቴት ሕግ አውጪ ለመሆን የመጀመሪያዋ ትውልደ ሶማሊያ ሆነች፤ በ2018 ደግሞ ለፌዴራሉ ኮንግረስ ተመረጠች። በለቀቀችው የስቴት ወንበር ላይ የተመረጠው ማን መሰላችሁ? መሐሙድ ኑር። ሁለት ጊዜ ተሸንፎ በሦስተኛው ገባ። ዛሬ ስለ ኢልሃን የሚባለውን፣ የሚወዷትንም የሚጠሏትንም፣ ታውቃላችሁ፤ እኔ እዚያ ውስጥ አልገባም። ጉዳዬ የተለቀቀው ወንበር ነው።

እንዲህ ያሉ አንጋፋ ሕግ አውጪዎች ሁሉ አወጣጣቸው አንድ ዓይነት አይደለም። ከዶክተር ካን ጋር በአንድ ቀን የተመረጡት ሊንደን ካርልሰን አርባ ስምንት ዓመት ሠርተው በ2021 በፈቃዳቸው ወጡ። በጎረቤት ዊስኮንሲን ፍሬድ ሪሰር በ1956 ተመርጠው በዚያው በ2021 ሲሰናበቱ ስድሳ አራት ዓመት ሞልቷቸው ነበር። በኢሊኖይ ግን ማይክል ማዲገን ግማሽ ምዕት ዓመት በምክር ቤት፣ ከዚያም ውስጥ ሠላሳ ስድስቱን ዓመት በአፈ ጉባኤነት ከቈዩ በኋላ በሙስና ተከሰው በ2025 የሰባት ዓመት ተኩል እሥራት ተፈረደባቸው። ለዚህ ሁሉ መድኃኒቱ የዘመን ገደብ ነው የሚሉ አሉ፤ ካሊፎርኒያ በ1990 በሕዝብ ድምፅ ገደብ ካበጀች ወዲህ ሌሎችም ስቴቶች ተከትለዋታል፣ ሚኒሶታ ግን አላደረገችውም። እኔ በዚህ ነገር ሁለት ልብ ነኝ። ገደቡ ማዲገንን ቀድሞ ያስወጣቸው ነበር፤ ካንንም እንዲሁ፣ ምናልባት ገና ብዙ ሳይሠሩ። ለሕግ አስፈጻሚው ገደብ ግድ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ጦርና ፖሊስ በእጁ ነውና። ከ134 አንዱ ለሆነ ተወካይ ግን በየሁለት ዓመቱ የሚመጣ እውነተኛ ምርጫ ይበቃው ይመስለኛል። እውነተኛ የሚለው ቃል ላይ ነው ችግሩ።

የእኛ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 12 ሕዝቡ እምነት ያጣበትን ተመራጭ ከቦታው ሊያነሣው እንደሚችል ይናገራል። ሚኒሶታዎች በየሁለት ዓመቱ ከሚያደርጉት የሚበልጥ መብት ነው፤ በወረቀት። በተግባር በ2002ቱ ምርጫ ከ547 መቀመጫዎች 545ቱን፣ በ2007ቱ ደግሞ ሁሉንም ገዥው ግንባርና አጋሮቹ ወሰዷቸው። በዚያ ዘመን የተቃዋሚው ድምፅ በፓርላማ የአንድ ሰው፣ የአቶ ግርማ ሰይፉ፣ ድምፅ ነበር፤ በኋላ ያም አልቀረ። በየዓመቱ ለመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎቼ የማቀርብላቸው አንድ ጥያቄ አለ፤ «በክልላችሁ ወይም በከተማችሁ ምክር ቤት የሚወክላችሁን ሰው ስም የምታውቁ እጃችሁን አውጡ» እላለሁ። ሰባ ተማሪ ባለበት ክፍል ሦስት እጅ ከወጣ ጥሩ ዓመት ነው። አንድ ጊዜ አንዱ ተማሪ «እርስዎስ ያውቃሉ?» ብሎኛል። አላውቅም ነበር። የሲዳር ሪቨርሳይድን ተወካይ የልደት ዓመት በቃሌ የማውቅ ሰው የራሴን አላውቅም ነበር። በዚያው ሳምንት ጠይቄ አወቅሁ፤ ደውዬ ግን አላውቅም።

ወደ ተነሣሁበት ልመለስ። በትምህርት ክፍላችን አንዲት ባልደረባ አለች፤ የቀድሞ ተማሪዬ ነበረች፣ ዶክትሬቷን ይዛ ከተመለሰች ሁለት ዓመት ሆኗታል። የሥርዓተ ትምህርት ክለሳውን ሥራ ባለፈው ዓመት በአብዛኛው የሠራችው እሷ ናት፤ ፊርማው ግን የእኔ ነው። ቢሮዬ ለመጡት ሁለት ሰዎች ስሟን ሳነሣላቸው ተያዩና «ጎበዝ ናት፣ ግን ገና ልጅ ናት» አሉኝ። ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው። ስለ ሌሎችም ተነጋገርን፤ አንዱ ቊጡ ነው ተባለ፣ ሌላው ለፕሮጀክት ሲሮጥ አይገኝም። በመጨረሻ ሦስታችንም እዚያች ቃል ላይ ደረስን፤ ከአንተ በቀር ማን አለ። ይህን ስንወስን ልጅቷ ከቢሮዬ ሁለት በር አልፎ ባለው ክፍሏ ውስጥ ተቀምጣ ፈተና ታርም ነበር።

ትላንት ማታ ለእኅቴ ደወልሁላት። አሁን ጡረታ ልትወጣ ጥቂት ነው የቀራት፤ እዚያው ሕንፃ፣ እዚያው ዐሥራ አራተኛ ፎቅ ነች። ነገሩን ሁሉ ነገርኋት፤ የሚመሰገን ነገር መስሎኝ እንደ ነበር አልደብቃችሁም።

«ልጅቷን ጠይቀሃታል?» አለችኝ።

«ምን ብዬ?»

«ትፈልጊያለሽ ወይ ብለህ ነዋ።»

አልጠየቅኋትም ነበር። ስድስት ዓመት በወንበሩ ስቀመጥ ማንንም ጠይቄ አላውቅም። ዛሬ ከቀትር በኋላ ሄጄ በሯን አንኳኳሁ፤ ክፍል ገብታ አላገኘኋትም። ስብሰባው ሐሙስ ነው። ነገ ጠዋት እንደገና አንኳኳለሁ።